ጥድ ሰፈር ሰው አለ

አዴ ፋጡማ ማረፋቸውን የሰማሁት ጢቾ ሆኜ ነው። ለሥራ ሄጄ ዝናብ አግቶኝ፣ አንድ ሻይ ቤት በረንዳ ላይ የጫማዬን ጭቃ ስፍቅ ስልኬ ጮኸ። የጥድ ሰፈር ጤና ጣቢያ ነርስ ሲስተር ሐና ነበረች። "አዴ ደክመው ነበር፤ ዛሬ ተቀበሩ" አለችኝ። እስላም ሬሳ አያሳድርም፤ እኔ መኪና እስክፈልግ እሳቸው አፈር ለብሰዋል።

እግዜር ይቅር ይበለኝና መጀመሪያ የተሰማኝ ኀዘን አልነበረም፤ ፍርሃት ነው። ኀዘኑ ኋላ መጣ፣ መኪና ውስጥ፣ አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ወደ መስኮቱ እስኪዞር ድረስ አለቀስኩ። ፍርሃቱ ግን ቀደመ። ምክንያቱም ጥድ ሰፈር ላይ መሞት፣ እንደ ሌላው ቦታ፣ መሄድ ማለት እንዳልሆነ አውቃለሁ። አየሁ አልልም፤ ሰማሁ ነው የምለው። አብዳለች የሚለኝ ይበለኝ፣ ግድ የለኝም፤ ብቻ ከመጀመሪያው ልናገር።

አዴ ፋጡማ፣ አዴ የአገሩ የአክብሮት መጠሪያ ነው፣ የማዘጋጃ ቤታችን ገቢ ሰብሳቢ ነበሩ። ከተማችን ከአሰላ ወደ በቆጂ በሚወስደው መንገድ በኩል ናት፤ ስሟን አልጠራም፣ ለቦታዋ የሚመጣ አንድ ሁለት ገዢ የቀራት እንደሆነ እንዳላስበረግግባት። እኔ ከደብረ ብርሃን በሥራ መጥቼ በጀት ክፍል ስቀመጥ የእሳቸው ጠረጴዛ ከፊቴ ነበር። ጠረጴዛው እንጂ እሳቸው አይገኙም፤ ሁልጊዜ ሰፈር ለሰፈር ናቸው። ረጅም ሴት፤ ከሒጃባቸው ሥር የወንድ ሹራብ፣ እግራቸው ላይ የላስቲክ ቦት፣ እጃቸው ላይ ዝናብ ቢወርድም የማይዘረጋ ጃንጥላ። ጃንጥላው የሰው የቆርቆሮ በር መምቻ ነው። በመጣሁ ሰሞን "ትርሲት፣ እኔና አንቺ ባልና ሚስት ነን፤ እኔ ስዞር ውዬ አመጣለሁ፣ አንቺ ተቀምጠሽ ታጠፊያለሽ" ብለውኝ ቢሮው በሙሉ ሳቀብኝ። ያኔ ሰው አልለመድኩም ነበርና አኮረፍኩ። በማግስቱ እጄን ይዘው ምሳ ወሰዱኝ፣ ከዚያ ወዲያ ተኳርፈን አናውቅም።

ደጅ ሲመቱ ጉድ ነው። በጃንጥላው ያንኳኩና "ቤቶች!" ይላሉ፤ ድምፃቸው ገበያ ያቋርጣል። ከዚያ ይጠብቃሉ። ገቢ ሰብሳቢ ሲመጣ ሰው ጓዳ እንደሚደበቅ ስለሚያውቁ አይቸኩሉም። ተሳድበው አያውቁም፤ ያልቻለውን ጊዜ ይሰጡታል፣ እየቻለ የሚያድበሰብሰውን ደግሞ የጤናውን፣ የልጆቹን፣ የከብቱን ሁኔታ እየጠየቁ እፍረቱ እስኪያስከፍለው ድረስ ደጁ ላይ ይቆማሉ። "ከተማ ማለት ፎቅ አይደለም፤ ደጁን ስትመቺው አቤት የሚልሽ ሰው ነው" ይሉኝ ነበር። እኔ የገቢ ሰብሳቢ ቀልድ መስሎኝ እስቃለሁ።

ጥድ ሰፈር የእሳቸውም መኖሪያ ነው። ከከተማው ከፍ ብሎ፣ ጭላሎ ተራራን ፊት ለፊት እያየ፣ አየሩ ደረት የሚከፍት ቦታ ነበር። ማዘጋጃ ቤታችንን ከሌላው ሰፈር ሁሉ አብልጦ የሚያጠግበውም እሱ ነው። ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ አስተማሪና ሐኪም ቤት የሚከራየው እዚያ፣ ቦታ በሊዝ ሲወጣ ሰው የሚጋፋው እዚያ፣ ጠዋት የሚሮጡ ልጆች ከልምምድ መልስ የሚሰበሰቡባቸው ቁርስ ቤቶች እዚያ። የመንገዱ መብራት፣ የቆሻሻ መኪናው፣ የጤና ጣቢያው መድኃኒት፣ ብዙው ከዚያ ሰፈር ኪስ ወጥቶ ነው ለከተማው የሚዳረሰው።

ከዚያ ፋብሪካው መጣ። አሮጌ ጎማ እያቀለጠ ዘይት የሚያወጣ ነው። የተተከለው ከሰፈሩ በስተታች፣ ነፋሱ ሽቅብ በሚነፍስበት በኩል ነው። ሪባኑ ሲቆረጥ እኔም አጨብጭቤያለሁ፤ ሥራ ይመጣል፣ ግብር ይመጣል ተብሎ የማያጨበጭብ ማን አለ? ሥራው ለጥቂት ሰው መጣ። ግብሩ ግን ለመጀመሪያዎቹ ዓመታት እፎይታ አለው፤ ባለሀብት ለመሳብ የሚሰጥ ነው፣ እኛ አላወጣነው፣ እኛ አንነካው። ስለዚህ ጭሱ ወዲያው ሲጀምር ግብሩ ገና ወደፊት የሚመጣ ነገር ሆኖ ቀረ።

መጀመሪያ የጠፉት ሯጮቹ ናቸው። ማንም ልብ ሳይለው አንድ ሰሞን በጥድ ሰፈር መንገድ መሮጥ ተዉ፤ ደረታቸው ከእኛ ቀድሞ ገብቶት ኖሯል። ቀጥሎ ተከራዮቹ። የታጠበ ነጭ ልብስ ጥቁር ነጠብጣብ ይዞ ይደርቃል፤ ልጅ ያለው ቀድሞ ዕቃውን ጫነ። ተከራይ ሲወጣ የቤት ኪራይ ግብር አብሮ ወጣ። ቁርስ ቤቶቹ ፈቃዳቸውን መለሱ። አንድ ጊዜ የሰፈሩ ቦታ ለጨረታ ወጥቶ ሰነድ የገዛ ሰው ጠፋና፣ አዳራሹ ውስጥ እኛ ሠራተኞቹ ብቻ ተቀምጠን እርስ በርሳችን ስንተያይ ዋልን። በሌላው በኩል ደግሞ የጤና ጣቢያው የመድኃኒትና የኦክስጅን ወጪ ያብጣል። በጀት ክፍል ነኝና ከረጢቱ ከላይም ከታችም ሲቀደድ የማየው እኔ ነበርኩ።

አዴ ሥራቸው ነውና አንድ ቀን ፋብሪካውንም ደጅ መቱት። የቆሻሻ ማንሻ እንኳ ይክፈል ብለው ነው። ዘበኛው ድሮ ጥድ ሰፈር ተከራይቶ ይኖር የነበረ ጎልማሳ ሆኖ ተገኘ፤ እያሳለ ወጣና አለቆቹ እፎይታ አለን እንደሚሉ፣ እሱም እንጀራው ስለሆነ ምንም ማለት እንደማይችል ነገራቸው። "እንጀራህን ብላ፣ ጭሱን ግን አትብላ" አሉትና በማግስቱ አፉን የሚሸፍንበት ወፍራም ጨርቅ ሰፍተው አመጡለት። ለማዘጋጃ ቤቱ ምንም ሳያመጡ ተመለሱ።

በዚያ ዓመት የበጀት ስብሰባ ላይ ኃላፊያችን ገቢው ለምን ወረደ ብሎ አፋጠጣቸው። ሰንፈዋል ሊላቸው ትንሽ ነበር የቀረው። አዴ ተነሥተው ጃንጥላቸውን ጠረጴዛው ላይ አጋደሙት።

"ጭስ ግብር አይከፍልም፤ ከፋይ ነው የሚያባርረው" አሉ። "አየሩን ለፋብሪካው በነፃ ሰጠን፤ አሁን በሲሊንደር እየገዛነው ነው። እኔ የት ሄጄ ልሰብስብ?"

ኃላፊው ይህ ቃለ ጉባኤ ላይ አይገባም አለ። እኛም ቀና ብለን ሳንተያይ ወደየቢሯችን ተበተንን።

አዴ እንዲህ የሚናገሩት ከሆዳቸው ነው። ባላቸው ጋሽ ቃሲም ዕድሜ ልካቸውን የኮምባይነር ሹፌር ነበሩ፤ የአርሲን ስንዴ ሲያጭዱ የዋጡት አቧራ ደረታቸውን አድክሞት ነበር፣ ጭሱ ሲጨመርበት ጨርሶ ጣላቸው። ሲብስባቸው ትንፋሻቸው እንደ ቀዳዳ ወናፍ ያፏጫል። ጤና ጣቢያው ከአጥራቸው ማዶ ነውና አዴ ደግፈው ያሻግሯቸዋል፣ ሲስተር ሐና ኦክስጅን ትሰካላቸዋለች፣ ከንፈራቸው ቀስ በቀስ መልኩ ይመለሳል። አሰላ ሆስፒታል እስኪደርሱ ትንፋሻቸው አይጠብቅም። ሰፈሩን ለምን አትለቁም ብዬ ጠይቄያቸው አውቃለሁ፤ የሞኝ ጥያቄ ነው። ያላቸው ቤቱ ብቻ ነው፣ ያንን ቤት ደግሞ ማን ይገዛል? "ጤና ጣቢያው እስካለ ቃሲሜ አለ" ይሉ ነበር። ከዚህ ሌላ አላህን የሚለምኑት ነገር አልነበራቸውም።

ጎረቤታቸው ሎሚ የምትባል የእኔ እኩያ ነበረች። ባል የላት፣ ልጅ የላት፤ ጭኮ እየሠራች ለአሰላ ሱቆች ታስረክባለች። የገብስ ዱቄት በቅቤ ስታሽ ስለምትውል ተነሥታ በር ከፍታ አታውቅም። አዴ "ቤቶች!" ሲሉ ከውስጥ፣ በቀጭኑ፣ መጨረሻው ላይ ሳቅ በሚል ድምፅ፣ "እጄ ቅቤ ነው፤ ገፋ አድርጋችሁ ግቡ!" ትላለች። በዚህች ቃሏ የማያውቃት የለም፤ ሰው ሠርግ ላይ ሳይቀር ይቀልድባታል። በአንድ ክረምት ጉንፋን ያዘኝ ብላ ተኛች። ጉንፋን አልነበረም። ጤና ጣቢያው ውስጥ አዴ እጇን እንደያዙት አረፈች። ዘመድ ነኝ ብሎ የመጣ አልነበረምና ቤቷን ዘግተው ቁልፉን አዴ ወሰዱ።

ከሎሚ በኋላ ነው አዴን አንድ ነገር የነካቸው። አንድ ቀን አብሬያቸው ወጣሁ። ጥድ ሰፈር ታችኛው ረድፍ ገብተን፣ ባለቤቶቹ ለቀው ወደ ጎበሳ ከተማ እንደሄዱ ሁለታችንም የምናውቀውን ቤት ደጅ በጃንጥላ መቱና "ቤቶች!" አሉ። ቆሙ። ሰው ከምድጃ ተነሥቶ ጫማውን ፈልጎ እስኪመጣ የሚወስደውን ያህል ጠበቁ። ከዚያ "አሰላሙ አለይኩም" ብለው ወደ ቀጣዩ አለፉ። እዚያም እንደዚያው። ከእኛ ሌላ በመንገዱ የሚንቀሳቀስ ነገር የለም፤ ውሻ እንኳ አይጮህም። የተረሳ ልብስ አንዱ ግቢ ውስጥ ገመድ ላይ ጠቁሮ ይወዛወዛል፣ ነፋስ ግን አልነበረም።

ምን እያደረጉ እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ባዶ ቤት ሰላም ካልተባለ ሌላ ነገር ይገባበታል፣ ደግሞም ቤቱ ሰው መልመዱን እንዳይረሳ ነው አሉኝ፤ አልቀለዱም። የሎሚ ደጅ ላይ ስንደርስ ከሌላው ሁሉ አብልጠው ቆሙ። ጆሯቸውን ወደ ቆርቆሮው አስጠግተው፣ የተነገረውን እንደሚቀበል ሰው ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ የሰማሁት ነገር የለም። ቸኩዬ አለፍኳቸው።

ጤና ጣቢያው ሊነሣ ነው የሚለው ወሬ በሚቀጥለው ክረምት መጣ። ሰፈሩ ሰው የለውም፣ ገቢ የለውም፣ ወጪ ግን አለው፤ ስለዚህ ከአሰላ ኮሚቴ መጥቶ ይይ፣ በቂ ሰው ካለ ይቆይ፣ ከሌለ ነርሷም ሲሊንደሩም ወደ ሌላ ከተማ ይሂድ ተባለ። ወረቀቱ ላይ ስታዩት ልክ ነው፤ እኔ ራሴ ብጠየቅ የምጽፈው እንደዚያ ነው። አዴ ሲሰሙ ፊታቸው አመድ መሰለ። "ቃሲሜን ሊገድሉት ነው" አሉኝ በቀስታ።

ያመጡት ዘዴ ከአስተዳደጋቸው ነው። በእኛ ደጋ በድሮ ጊዜ ሰው ያለበት ቤት የሚታወቀው ጠዋት በጣሪያው በሚወጣው ጭስ ነበር፤ ሽማግሌ ጉብታ ላይ ቆሞ ጭሱን አይቶ እዚህ መንደር ይህን ያህል አባወራ አለ ይላል። አዴም በላይኛው ረድፍ የቀሩትን ጥቂት ጎረቤቶች ለምነው፣ ኮሚቴው በሚመጣበት ማለዳ በየባዶው ቤት ማድ ቤት እሳት እንዲያነዱ አደረጉ። ማገዶ ተሸክሜ ያዳረስኩት እኔ ነኝ። የሎሚን ቤት ግን አላስነካም አሉ። "የእሷ አያስፈልገውም" አሉኝና ወደ ሌላ ወሬ ሄዱ።

ነጋ፤ እሳቱ ነደደ። ከጭላሎ ጉም ወረደ፣ ከታች የፋብሪካው ጭስ ወጣ፣ ሁለቱ ጥድ ሰፈር ላይ ተገናኙና የገዛ እጃችንን ማየት አቃተን። ያ ሁሉ ማገዶ፣ ያ ሁሉ ልፋት፣ ጭስን በጭስ ውስጥ ልናሳይ ኖሯል! አዴ እሳት የነደደበት ቤት ጣሪያ ወዳለበት ቀና ብለው ያያሉ፣ ምንም የለም፤ ነጭ ብቻ። እንደዚያ ቀን አቅመ ቢስ ሆነው አይቻቸው አላውቅም።

ኮሚቴው ሁለት ሰው ነው፤ ሰብሳቢው ጨዋ ወጣት፣ አብራው ደግሞ የምትጽፍ ልጅ። አፋቸውን ሸፍነው መጡ። አዴ ወደ ላይኛው ረድፍ ሊወስዷቸው ሲሉ ሰብሳቢው ታችኛውን ልይ አለ። ደጅ መታ፤ ዝም። ሌላውን መታ፤ ዝም። ጉሙ ውስጥ የምንሰማው የራሳችንን ኮቴና የእሱን ሳል ብቻ ነው። አዴ ከኋላ ይከተላሉ፤ ጃንጥላቸው መሬት ሲነካ ይሰማኛል። ሰብሳቢው ዞሮ፣ እናቴ ለምን ያደክሙናል፣ ሰው የለም እኮ አላቸው፣ በትሕትና። ልጅቷ መዝገቧን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ከጉሙ ማዶ፣ ከራሳቸው ቤት በኩል፣ የጋሽ ቃሲም ደረት ሲያፏጭ ይሰማል።

የረድፉ መጨረሻ የሎሚ ቤት ነው። ሰብሳቢው እያለፈ፣ ለወጉ ያህል፣ በጣቱ ቆርቆሮውን መታ አደረገና "ቤቶች!" አለ።

"እጄ ቅቤ ነው፤ ገፋ አድርጋችሁ ግቡ!"

አጥሩን ያዝኩ። ያው ቀጭን ድምፅ፣ ያችው መጨረሻ ላይ ያለች ሳቅ። በጉም ውስጥ ጆሮ ይሳሳታል ትሉኝ ይሆናል፤ የሁላችንም ጆሮ በአንድ ቃል አይሳሳትም። ሰብሳቢው ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ፤ ምንም አያውቅ! "አይ እህቴ፣ አንገባም፣ ሥራሽን አትፍቺ!" አላት። ከዚያ ካለፍናቸው፣ መልስ ካጡት ደጆች፣ አንድ ሳል ተሰማ። ቀጥሎ ሌላ። ራቅ ብሎ ሙቀጫ መወቀጥ ጀመረ። ሰፈሩ ጠዋት ተነሥቶ ሥራ የጀመረ ይመስል ነበር። ልጅቷ መዝገቧን መልሳ አወጣች።

"ማን ልበላት?" አለ ሰብሳቢው ወደ አዴ ዞሮ።

አዴ እኔን አዩኝ። ደስታ አላየሁባቸውም። ዕድሜያቸውን በሙሉ የሌለ ሰው ስም ጽፈው፣ ያልተቀበሉትን ተቀበልኩ ብለው የማያውቁ ሴት ናቸው። የለም ቢሉ ጋሽ ቃሲም አለቁ። አለ ቢሉ ደግሞ በገዛ እጃቸው ያጠቡትን ሬሳ ሕያው ሊያሰኙ ነው። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ መጀመሪያ በኦሮምኛ፣ ለራሳቸው፣ "ነምኒ ጅራ" ሲሉ ሰማሁ።

"ሰው አለ" አሉ ቀጥለው፣ ጮክ ብለው። "ሎሚ በሏት።"

ሰዎቹ ሲሄዱ አዴ የሎሚን በር ከፍተው ገቡ፤ እኔም ብቻዬን መንገድ ላይ መቆም ስለፈራሁ ተከተልኳቸው። ወለሉ ላይ ጥላሸት እንደ ዱቄት ተኝቷል፤ አንድም የእግር ዱካ የለበትም። ገበታዋ ደርቆ ግድግዳው ላይ ተደግፏል። ሽታው ግን የጎማ አልነበረም። ትኩስ የተነጠረ ቅቤና የተቆላ ገብስ ነው የሸተተኝ፤ ምራቄ እስኪመጣ ድረስ። አዴ የበሩ ደፍ ላይ ተቀምጠው አለቀሱ።

"ሞታለች እኮ፣ አዴ" አልኳቸው፤ ድምፄ የእኔ አልመስልሽ አለኝ።

"ሞተች እንጂ ሄደች ማን አለሽ?" አሉኝ። "የሄደው ሌላው ነው። ዛሬ ቃሲሜን ያዋሰችኝ እሷ ናት።"

ጤና ጣቢያው ቆየ። ጋሽ ቃሲም ያንን ክረምት ወጡት፣ ቀጥሎ ያለውንም ወጡት። ኃላፊያችን ግን ሞኝ አይደለም፤ ጥድ ሰፈር ሰው አለው ከተባለ ለምን ግብሩ አይመጣም ብሎ አዴን ጠራቸው። እኔም ቢሮው ውስጥ ነበርኩ። ሰዎቹ መክፈል አልቻሉም አሉት። ለምን ሲላቸው፣ "ጭሱ" አሉ። ከዚያ በላይ አልጠየቃቸውም። እኔ ወረቀቴ ላይ ጎንበስ ብዬ ቀረሁ።

ከዚያ ወዲያ ሥራ ሲወጡ ጃንጥላውን ተዉት፤ ደጁን በመዳፋቸው ቀስ ብለው ነው የሚነኩት፣ የተኛ ሰው እንዳይቀሰቅሱ ይመስል። ዓርብ ዓርብ የሎሚን ወለል ጥላሸት ይጠርጋሉ። እኔ እየቀለድኩ፣ ባሌ ሌላ ሚስት አገባ ወይ እላቸዋለሁ፤ ይስቁና ሳቁ ሳል ሆኖ ያልቃል። ሳሉን ሰምቼዋለሁ፣ ችላ ያልኩት ግን ሁላችንም ስለምንስል ነው። እሳቸው ጋሽ ቃሲምን ሲያሻግሩ የራሳቸውን ደረት ያየላቸው አልነበረም። በመጨረሻ ያረፉትም እዚያው ጤና ጣቢያ ነው፣ ባላቸው ከነበሩበት አልጋ ጎን።

ለቅሶ ስደርስ ጋሽ ቃሲም ድንኳኑ ጥግ አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። ሲያዩኝ በእጃቸው ጠሩኝ። ሳምንቱ ሲያልፍ ኮሚቴው እንደገና ሊመጣ መሆኑን ሰምተዋል፤ የሚያዞራቸው ማን እንደሆነ ጠየቁኝ። እኔ ነኝ አልኳቸው፣ የአዴን ሥራ ለጊዜው ለእኔ ደርበውልኛል። ትንፋሻቸውን ለመሰብሰብ ብዙ ቆዩ።

"ፋጡማ እኔንም ቁጠሩኝ ብላለች" አሉኝ።

ያን ሁሉ ቀን ስመገብም ስተኛም ይኸው ነው ያለው በጭንቅላቴ። የሰው ሞት እያወቁ አለ ማለት ኃጢአት ነው፤ የሰው ትንፋሽ እያወቁ መንቀልስ? ደግሞ ፈራሁ፤ አዎ፣ ፈራሁ። አንዴ አዴ አሉ ካልኩ መኖራቸውን የማምነው እኔ ነኝ፣ በዚያ መንገድ ብቻዬን የምሄደውም እኔ ነኝ።

ባለፈው ማክሰኞ መጡ። የድሮዎቹ አይደሉም፤ አዲስ ሰዎች ናቸው፣ ሰብሳቢዋ የተረጋጋች ወይዘሮ። ድንኳኑ ተነሥቷል። ከላይኛው ረድፍ ጀምረን፣ ያሉትን ጥቂቶች አነጋግረን፣ ወደ ጋሽ ቃሲም ቤት ገባን። እሳቸው መደባቸው ላይ ናቸው፤ ከንፈራቸው ጠቁሯል፣ ደረታቸው ያፏጫል፣ ሲስተር ሐና ልታሻግራቸው በር ላይ ቆማለች። ዓይናቸውን ከእኔ አልነቀሉም።

ወይዘሮዋ በዚህ ቤት ስንት ሰው እንደሚኖር ጠየቀችኝ።

"ሁለት" አልኩ።

ክፍሉን አየች፤ አንድ ሽማግሌ፣ አንዲት ነርስ፣ ባዶ ወንበር። ሁለተኛዋ ማን ናት አለች። ባለቤታቸው ናቸው አልኳት።

"የት ሄዱ?"

"የትም አልሄዱም" አልኳት።